«ማን ነገረህ?»



ከ12 ዓመት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና ሳገለግል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ 30 ያህል ሕፃናት አስተምር ነበር። የምንሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በሚገኝ ዋርካ ሥር ሲሆን፣ መቀመጫችንም ከግንድ የተጠረቡ ረዣዥም አግዳሚዎች ነበሩ። ከልጆቹ መካከል አንዲት 9 ዓመት የሚሆናት ልጅ ሁልጊዜ ከዛፉ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ትማር ነበር፤ እኔም ይህን እያየሁ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ቅዳሜ ግን ዝናብ መሬቱን አርሶት ስለ ነበር ከአንደኛው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠች። ወዲያው በዚያ አግዳሚ ላይ የነበሩት አምስት ልጆች ማንም ሳያዝዛቸው አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ሌላው ተሻገሩ። ጠብ አልነበረም፤ ስድብም አልነበረም። ከምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ጢሱ ወደ እርሱ ሲዞርበት ቦታ እንደሚለውጥ፣ እንዲሁ በእርጋታ ነበር የተሻገሩት። ልጅቱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች።

እኔም ቁጣዬ ቀድሞኝ የዕለቱን ትምህርት ትቼ መስበክ ጀመርሁ። እግዚአብሔር ሁላችንንም በአርአያው እንደ ፈጠረ፣ በመካከላችን ምንም ልዩነት እንደሌለ፣ ወደ አንድ ማዕድ የምንቀርብ አንድ አካል እንደ ሆንን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ። ከዚያም ከተነሡት ልጆች ሁለቱን ጠርቼ በግራና በቀኝዋ እንዲቀመጡ አዘዝሁ። ታዘዙ። ልጅቱ እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ ድረስ ራስዋን ቀና አላደረገችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ቀሩ። በተከታዩ ቅዳሜ ልጅቱ ራስዋ ቀረች።

ጥቂት ሳምንታት ጠብቄ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቲቱ በደጃፍዋ ተቀምጣ የጀበና አንገት ስታለሰልስ አገኘኋት። በአክብሮት ተቀበለችኝ፤ ቡናም ተጣደ። ሲኒ ግን ከቤት አልወጣም፤ አንድ ልጅ ወደ ጎረቤት ተልኮ «ለአባ ነው» ብሎ አንድ ሲኒ ተውሶ መጣ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በቤትዋ ሲኒ ጠፍቶ አልነበረም፤ እንግዳ በእርስዋ ሲኒ መጠጣት እንደሚጸየፍ ስለምታውቅ እኔን ከጭንቀት ለማዳን ያደረገችው ነበር። በዚያ መንደር ቡናውን እርስዋ ከሠራችው ጀበና የማይቀዳ ቤት የለም፤ ከእርስዋ ቤት ገብቶ ግን ቡና የሚጠጣ የለም።

ስለ ልጅዋ ስጠይቃት ወቀሳ በሌለበት ድምፅ፣ «አባቴ፣ ልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥግዋን ይዛ ትማር ነበር። እርስዎ በሰው ፊት ስለ እርስዋ ከተናገሩ ወዲህ ግን ሁሉም ያይዋት ጀመር» አለችኝ። ልጅቱንም ጠርቼ ለምን እንደ ቀረች ጠየቅኋት። መሬት መሬቱን እያየች፣ «ልጆቹን እንዳልበላቸው ብዬ» አለች።

«ቡዳ በላው» ማለት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ይህች ልጅ ስለ ራስዋ የሚወራውን እንደ ሌሎቹ ልጆች አምና መቀበልዋን ነው። ዓይንዋን ከመሬት የማታነሣው ዓይን አፋር ስለ ሆነች አልነበረም፤ ጓደኞችዋን ከገዛ ዓይንዋ ለመጠበቅ ነበር።

በዘርአ ክህነት ሳለሁ ኬኔት ክላርክና ባለቤቱ ማሚ ክላርክ ስለ ተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንብቤ ነበር። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ለሆነ 253 ጥቁር ሕፃናት ከቀለም በቀር በምንም የማይለያዩ አሻንጉሊቶችን አቀረቡላቸው። ለመጫወት የምትፈልገው የትኛውን ነው ሲባሉ አብዛኞቹ ነጩን መረጡ፤ ክፉ የሚመስለው የትኛው ነው ሲባሉም ከግማሽ የሚበልጡት ቡናማውን አሳዩ። በመጨረሻ አንተን የሚመስለው የትኛው ነው ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ከመካከላቸው ያለቀሱ ነበሩ። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በተለያየ ትምህርት ቤት ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ተጠቅሷል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ የሩቅ አገር ነገር፣ የነጭና የጥቁር ጉዳይ ነው ብዬ ገጹን ገልጬ አልፌዋለሁ። ያቺ ልጅ ስትመልስልኝ ነው ገጹ ተመልሶ የተገለጠልኝ።

በአገራችን በእጅ ሥራው ወይም በአደን ኑሮው የተነሣ የተገለለ ወገን የሌለበት አካባቢ ጥቂት ነው። በሰሜን ጠይብ፣ በጉራጌ ፉጋ፣ በከፋ ማንጆ፣ በዳውሮ ማና ይባላል። ስሙ ይለያያል፤ ክሱ ግን ይመሳሰላል፤ የማይበላ ይበላሉ፣ ዓይናቸው ይጎዳል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። አዋጅ ግን ቡና ወደሚፈላበት ጎጆ አይዘልቅም።

ነገሩ ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚከተል የቤተ እስራኤላውያንን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸውም ማረሻውንና ምጣዱን ከእነርሱ እየገዙ፣ እነርሱን ግን በቡዳነት ይፈሩአቸው ነበር። በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ወደ እስራኤል ተሻገሩ። በዚያም አገር በጥር 1988 ዓ.ም. ለሕሙማን ብለው የለገሱት ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት በስውር ይጣል እንደ ነበር ታወቀና በብዙ ሺህ ሆነው በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። እዚህ ዓይናቸው ተፈራ፤ እዚያ ደማቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከአግዳሚው የተነሡት አምስት ልጆች ኀጢአት ሠርተዋልን? ብዙዎቻችን የጅምላ ፍርድ ከጥላቻ የሚወለድ ይመስለናል። ወደ ሕፃን ልብ የሚገባው ግን በፍቅር በር ነው። እናት ልጅዋን «ወደ ገደሉ እንዳትጠጋ፣ እሳቱን እንዳትነካ፣ ከዚያ ቤት እንዳትበላ» ብላ በአንድ ድምፅ ታስጠነቅቀዋለች። ልጁም ሦስቱን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ገደሉ እውነት ነው፤ እሳቱም እውነት ነው፤ እንግዲህ ሦስተኛው ስለ ምን ሐሰት ይሆናል? ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ሰው በጥረቱ ሊያሸንፈው የማይችለው አለማወቅ ከኀጢአት ነጻ እንደሚያደርገው ያስተምራል። ልጆቹ በዚህ ነጻ ናቸው። ያቺ ልጅ ስለ ምን መሬት ላይ እንደምትቀመጥ ሳልጠይቅ ሳምንታትን ያሳለፍሁት እኔ ግን በዚህ አላመልጥም።

በጎ ሰው ሁሉ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ማለትም አይቻልም። ናትናኤል ስለ ናዝሬት የተናገረውን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 አንብበናል። ከዚያች ከተማ መልካም ነገር ሊወጣ መቻሉን የተጠራጠረው ናትናኤል፣ ጌታ ተንኮል የሌለበት እስራኤላዊ ብሎ የመሰከረለት ያው ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ በአንድ ሰዓት ይገኛሉ። ፊልጶስም አልገሠጸውም፤ ስለ ናዝሬት ክብርም አልሰበከለትም፤ መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ ጋበዘው እንጂ። እኔ በዋርካው ሥር ያደረግሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ከዚያ በኋላ ይህን ትምህርት ከፍቅር ትእዛዝ አንሥቼ፣ በሐሰት መመስከርን በሚከለክለው በስምንተኛው ትእዛዝ ሥር አስተምረው ጀመር። ስምንተኛውን ትእዛዝ ለልጆች ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ጋን ሰብሮ «ድመቷ ናት» ስለሚል ልጅ እንናገራለን። ነገር ግን ያላየውን አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ «እንዲህ ናቸው» የሚል ሰው ከዚህ የበለጠ የሐሰት ምስክር አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ በቂ መሠረት ሳይኖረው የባልንጀራውን ጥፋት በልቡ እንኳ እውነት አድርጎ የተቀበለ ሰው በችኩል ፍርድ እንደሚበድል የሚያስረዳው በዚሁ ትእዛዝ ሥር ነው። ቅዱስ ቶማስም ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ወደ በጎው መተርጐም እንደሚገባ ሲያስረዳ፣ ስለ ክፉ ሰው በጎ በማሰብ ብዙ ጊዜ መሳሳት ስለ በጎ ሰው ክፉ በማሰብ ጥቂት ጊዜ ከመሳሳት ይሻላል ይላል፤ በኋለኛው የሚጎዳ ሰው አለና። ለ9 ዓመት ልጅ «ይህን ወገን ውደድ» ብሎ ማዘዝ አስቸጋሪ ነው። «ያላየኸውን አትመስክር» ማለት ግን ይገባዋል፤ በጓደኞቹ ላይም ወዲያው ይጠቀምበታል።

የቤተ ክርስቲያናችን ልጆችም በዚህ ትእዛዝ ላይ ለዘመናት በድለዋል። የጌታን ሞት በአይሁድ ሁሉ ላይ እየጫኑ ያስተማሩ ጥቂቶች አልነበሩም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1959 በስቅለት ዓርብ ጸሎት ውስጥ አይሁድን እምነት አልባ የሚለውን ቃል አስወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫው የጌታ ሞት በዚያን ዘመን በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት፣ በዛሬዎቹም ላይ ሊጫን እንደማይገባ አወጀ። ጉባኤው ይህን ሲል ስብከትንና የትምህርተ ክርስቶስን ሥራ በስም ጠርቶ ማሳሰቡን ካቴኪስቶች ልብ ሊሉት ይገባል። ጉዳዩ ከሊቃውንት ጉባኤ ይልቅ በሕፃናት አግዳሚ ላይ እንደሚወሰን አባቶች ያውቁ ነበር።

ይህን አካሄድ ለካቴኪስቶቻችን በገለጽሁ ጊዜ አንድ አረጋዊ ካቴኪስት፣ «አባ፣ ልጆቹን ማን ነገረህ ማለት ካስለመድናቸው፣ ነገ ስለ ክርስቶስ ስናስተምራቸው እኛንም ማን ነገራችሁ ይሉናል» አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጁ የእናቱን ቃል የሚቀበልበት መታመን የእኛንም ትምህርት የሚቀበልበት ነው። አንዱን ስንነቅል ሌላው አብሮ እንዳይነቀል መፍራት ተገቢ ፍርሃት ነው። ብዙ ቀን ካሰብሁበት በኋላ ለእኚህ አባት የሰጠኋቸው መልስ፣ ይጠይቁን የሚል ነው። ሐዋርያት የመሰከሩት ዓይናቸው ያየውን ነው፤ ስማቸው ይታወቃል፤ ስለ ምስክርነታቸውም ደማቸውን አፍስሰዋል። ስለ ሸክላ ሠሪዋ የሚነገረው ግን ባለቤት የለውም። ይህን ቋንቋችን ራሱ ያጋልጠዋል። «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አሉ» እንላለን። ማን አለ? «ሰዎች።» ማን አየ? «ይባላል።» መቼ? «ድሮ።» ለምስክርነቱ የሚቆም አንድ ሰው ቢፈለግ አይገኝም።

ስለዚህ ልጆቹ «አሉ»ንና «ይባላል»ን፣ ይልቁንም «ሁሉም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸውን እንዲያነሡ አስለመድኋቸው። ጨዋታ አደረጉት። «እገሌ መታኝ» ምስክርነት ነው፤ እጅ አይነሣም። «የወንዝ ማዶ ልጆች ሁሉም ተደባዳቢ ናቸው» ሲባል ግን እጅ ይነሣና «ስንቱን ቆጠርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሁለት» ብሎ የመለሰ ልጅ አስታውሳለሁ፤ ቆይቶም፣ «አንደኛው ግን የአጎቴ ልጅ ነው» አለ። ልጆቻችን እነርሱም በትምህርት ቤት «የፈረንጅ ሃይማኖት» እየተባሉ ስለሚዘለፉ፣ ያላዩትን ስለሚመሰክሩ ሰዎች ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አያቶቻቸው በዚሁ ምድር የተቀበሩ ልጆች ናቸው።

የቀድሞ ስብከቴ ስሕተት ግን መቆጣቴ ብቻ አልነበረም። «በመካከላችን ምንም ልዩነት የለም» ብዬ ነበር። ይህ እውነት አልነበረም፤ ልጆቹም እውነት አለመሆኑን ያውቁ ነበር። የልጅቱ ቤት ጢስ ጢስ ይሸታል፤ እጅዋ ጭቃ ነው፤ ወላጆችዋ መሬት የላቸውም፤ እርስዋም ሌሎቹ የማያውቁትን ብዙ ነገር ታውቃለች። የሚታየውን ልዩነት የለም ስንላቸው ልጆች ከሁለት አንዱን ይማራሉ፤ ወይ አባ ይዋሻሉ ብለው፣ ወይ ልዩነት አፍ አውጥተው የማይናገሩት አሳፋሪ ነገር ነው ብለው። ክብራችን አንድ መሆኑና ኑሮአችን፣ እጃችን፣ ማዕዳችን መለያየቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ልጅ የመጀመሪያውን እንዲያምን ሁለተኛውን እንዲመለከት መፍቀድ ያስፈልጋል።

እናቲቱን አስፈቅጄ ልጆቹን ወደ ቤትዋ ይዤ ሄድሁ። ከ30ው የመጡት 11 ነበሩ። አፈሩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ የተሰበረ ገል ተፈጭቶ ለምን እንደሚቀላቀልበት አሳየቻቸው፤ ያለ እርሱ ሸክላው እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል። መንኰራኵር የለም፤ ሁሉም በእጅ ይገነባል፤ በድንጋይ ይለሰልሳል፤ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቃጠለው። እኔ ራሴ በሕይወቴ ሙሉ እንጀራ ስበላ ምጣድ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ጭቃውን እያቦካች ያቀበለቻቸው ልጅቱ ነበረች፤ አንዱ ሲኒ ለመሥራት ሞክሮ ሦስት ጊዜ ሲፈርስበት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። በመካከሉ አንድ ትንሽ ልጅ ድንገት፣ «እውነት ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናሉ?» ብሎ እናቲቱን ጠየቃት። ደነገጥሁ። እርስዋ ግን እጅዋን ከሥራው ሳታነሣ፣ «ልጄ፣ ሌሊትማ ወገቤን እያመመኝ እተኛለሁ» አለችው። ልጁም ጥቂት አሰበና፣ «አያቴንም ያማታል» አለ።

ነገሩ በዚህ ተስተካከለ ለማለት አልችልም። ከዚያ ጉብኝት በኋላ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከትምህርቱ አስወጡ፤ አንደኛው አባት እስከ ዛሬ ሰላምታዬን የሚመልሰው በግድ ነው። ልጅቱ ተመልሳ መጣች፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ቁርባንዋን ተቀበለች። አግዳሚው ላይ ትቀመጥ ጀመር፤ አጠገብዋ የሚቀመጡ ልጆችም ነበሩ፤ የማይቀመጡም ነበሩ። ከአንድ መሠዊያ የተቀበሉት ወላጆች ግን ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤትዋ ጎራ ሲሉ አላየሁም።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ዋርካ ሥር ስለ ትጋት ሳስተምር፣ «የከተማ ልጆች ሥራ አይወዱም፤ እናንተ ግን...» ብዬ ጀመርሁ። ከኋላ አንዲት እጅ ተነሣች። ያው ሲኒው የፈረሰበት ልጅ ነበር። «አባ፣ ስንቱን ቆጠሩ?» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ባለፈው ዓመት ወደዚያ ቁምስና ለበዓል ሄጄ እናቲቱን ጎበኘኋት። ቡና ተፈላ፤ ሲኒውም ከቤት ወጣ። ስለ ልጅዋ ጠየቅኋት። ወደ ከተማ ሄዳ ሥራ ይዛለች፤ ለእናትዋም ገንዘብ ትልካለች፤ በዓል ሲሆን ትመጣለች። እናቲቱ ይህን ሁሉ በደስታ ነገረችኝ። ከዚያም ሲኒዬን እየሞላች፣ ልጅዋ በከተማው እናትዋ ምን ሥራ እንደምትሠራ ለማንም እንዳልተናገረች ጨምራ ነገረችኝ።